በእትዬ አልጣሽ በኩል

የግራ ግንባሬ ፀጉር አልቋል። የቀኙ እንዳለ ነው።

ይህን የነገረኝ መስታወት አይደለም፤ የመታወቂያ ፎቶ ነው። መሥሪያ ቤታችን ለሁላችንም አዲስ መታወቂያ ሊያወጣ ፎቶ እንድንነሣ ላከን። ፎቶ አንሺው ምስሌን አየና «እህት፣ ራስሽን አዘንብለሻል፤ ቀና በይና እንደገና» አለኝ። ቀና አልኩ። «አሁንም አዘንብለሻል» አለ። መጥቶ አገጬን ይዞ አስተካከለኝ። የሚቀጥለው ምስል ሲወጣ ሁለታችንም አጎንብሰን አየነው። ያዘነበለው ራሴ ሳይሆን የፀጉሬ መነሻ ነበር። በቀኝ በኩል ፀጉሬ በሥርዓቱ ጆሮዬ ጋ ይወርዳል፤ በግራ በኩል ግን ግንባሬ አላቆም ብሎ ወደ አናቴ ሽቅብ ወጥቷል።

ስሜ ብርቅዬ ነው። ጅማ እጽዋት ሳይንስ ተምሬ፣ ቦንጋ ግብርና ጽሕፈት ቤት የቡና ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። የቡና ቅጠል ሲረግፍ «በሽታ ነው? አፈሩ ነው? ጥላ አንሶት ነው?» እያልኩ ምክንያቱን መፈለግ የዕለት ሥራዬ ነው። የኔ ሲረግፍ ግን ገና ማሰብ ሳልጀምር መልሱ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ቦንጋ ውስጥ ዝናብና ምክንያት አያልቅም።

«ዓይን ነው» አለች እናቴ።

«ዓይን ለምን ግራውን ብቻ መረጠ?»

«ያቺ ሴትዮ ቤቷ በየት በኩል ነው?»

የጎረቤታችን ቤት ከኛ በስተግራ ነው። እናቴ ክርክሩን አሸንፋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አለቃዬ ጋሽ ኢሳያስ ደግሞ ሞተር ሳይክሉን ከሰሱ። «ማንኪራ ለመስክ ስትሄጂ ነፋሱ ከግራ ነው የሚመታሽ» አሉኝ።

«ስመለስ ከቀኝ ይመታኛላ፣ ጋሼ።»

ጥቂት አሰቡና፣ «ስትመለሱ ለመግባት ስለምትቸኩሉ ቶሎ ታልፉታላችሁ» አሉ።

ገበያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ነስሩ ግን ሩቅ አልሄዱም። ከምስማር እስከ ቴምር የማይሸጡት ነገር የለም። አንዴ አይተውኝ፣ «ላሽ ነው» ብለው ፈረዱና ከመደርደሪያው የጥቁር አዝሙድ ዘይት አወረዱ። «ይህን ድንጋይ ላይ ብታፈሺው ድንጋዩ ፀጉር ያበቅላል።»

ጋሽ ነስሩ ራሳቸው መላጣ ናቸው፤ ቆብ እንኳ አይደፉበትም።

«ታዲያ እርስዎ ለምን አልተቀቡትም?»

«ልጄ፣ ነጋዴ ሸቀጡን አይበላም።»

ገዛሁ። ማታ ማታ ተቀባሁ። ትራሴ ወዛ። ሌላ ለውጥ አላየሁም።

በመጨረሻ መጀመሪያ መሄድ የነበረብኝ ቦታ ሄድኩ። ዶክተር ሙባረካ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ከኔ በላይ ክፍል ነበረች፤ ያኔም ሰው አትለማመጥም ነበር። መብራት ይዛ የግራ ግንባሬን አየች፤ ፀጉሬን በጣቷ ከፈለችው፤ ጫን ጫን አደረገችው።

«ሹሩባ ከተሠራሽ በኋላ ራስሽን ያምሻል?»

«ያላመመኝ ቀን የለም።»

«ትንንሽ ብጉርስ ይወጣብሻል? ሥሩ አካባቢ?»

«ይወጣል። ፀጉር የሚሠሩኝ እትዬ አልጣሽ ግን ብጉሩ ሹሩባው ቆንጆ አድርጎ መያዙን ያሳያል ይላሉ።»

የእትዬ አልጣሽን ስም ስጠራ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እስቲ አንቺ የእጽዋት ሰው ነሽ፤ አንድ ችግኝ በየጊዜው ግንዱን ይዤ ወደ ላይ ብጎትተው ምን ይሆናል?»

«ይነቀላል።»

«ታዲያ እኔን ምን ልትጠይቂኝ መጣሽ?»

ቀጥላ የነገረችኝን ደጋግሜ ስላሰብኩት በቃሌ ይዤዋለሁ። ላሽ አይደለም። ዓይንም፣ ነፋስም አይደለም። ፀጉሩ ሲጠብቅና ሲጎተት የኖረ ነው። ሥሩ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ከዚያ ይደክማል፣ በመጨረሻ ይሞታል። «ያንቺ አልሞተም» አለች፤ ጣቷን ጠርዙ ላይ እያስኬደች። «እነዚህ እንደ ሕፃን ፀጉር የሳሱት ይታዩሻል? እነሱ ናቸው ተስፋሽ። ከዛሬ ጀምሮ ካልተሳቡ ይወፍራሉ። እንደገና ከተሳቡ ግን ቦታው ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳ ላይ ደግሞ የትኛውም ዶክተር ምንም አያበቅልም።»

ሚኖክሲዲል የሚባል የሚቀባ መድኃኒት ጻፈችልኝ። ጥብቅ ሹሩባ፣ ዊግ፣ ስፌት፣ ካውያና ፀጉር የሚያለሰልስ ኬሚካል ሁሉ ቀረ። ፀጉሬ ተፈትቶ ይዋል፤ ካስፈለገ በላላው ይጎንጎን፤ ስተኛ ለስላሳ ሻሽ ልሰር።

«መቼ ይመለሳል?»

«ወራት ይፈጃል።»

«ወራት!»

«ቡና ተክለሽ በሳምንቱ ትለቅሚያለሽ እንዴ?»

«ዘይቱስ?»

«አይገድልሽም። ግን እየተጎተቱ ዘይት መቀባት ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው።»

ወደ ቤት ስመለስ ነው፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ፣ የግራው ነገር የገባኝ።

የእትዬ አልጣሽ ፀጉር ቤት የራሱ አሠራር አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወረፋው ስለሚበዛ አንዷን ሴት ሁለት ሆነው ነው የሚሠሯት። ራሷ ከመሀል ይከፈላል፤ ግራውን እትዬ አልጣሽ ይይዛሉ፣ ቀኙን ረዳታቸው ሜሪ። የእትዬ አልጣሽ እጅ በከተማው የታወቀ ነው። እሳቸው የሠሩት ሹሩባ ዝናብ ቢመታው፣ ሻሽ ቢታሰርበት፣ ቢተኙበት ቢነሡበት ንቅንቅ አይልም። ከቢታ ገነት ድረስ ተሳፍረው የሚመጡ ሴቶች የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው፤ በየሳምንቱ ሊመላለሱ አይችሉም። እሳቸው ሲሠሩ ዓይን ወደ ጆሮ ይሳባል፤ ቅንድብ ሽቅብ ይወጣል፤ ሴትየዋ ተሠርታ ስትነሣ ወሬ የሰማች ትመስላለች። መሳቢያቸው ውስጥ ፓራሲታሞል አለ። ያመማት ሴት አታማርርም፤ «ዛሬስ በደንብ ነው የሠሩኝ» ብላ ክኒኑን ውጣ ትሄዳለች።

ሜሪ ግን ሰነፍ ናት። ከእትዬ አልጣሽ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ ሜሪ በቀኝ በኩል ሆና ስትሠራ ዓይኗ እዚያ ነው። ተከታታይ ፊልሙ ውስጥ ሰው ሲያለቅስ ጣቷ ይቆማል፤ ሰው ሲፋቀር ይላላል። የሷ ጎን ሁልጊዜ ቀድሞ ይፈታል። ደንበኞች ይነጫነጫሉ፤ እትዬ አልጣሽ «ይህች ልጅ ስሜን ልታጠፋው ነው» ይላሉ።

በሥራችን ሙከራ ስናደርግ አንድ ማሳ ለሁለት እንከፍላለን፤ አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ ዘሩ አንድ። በአንዱ ላይ የምንሞክረውን እናደርጋለን፤ ሌላውን እንዳለ እንተወዋለን። ከዚያ የቱ እንደጠወለገ እናያለን። ራሴ ላይ እትዬ አልጣሽና ሜሪ ለዓመታት ይህንን ሙከራ ሲያካሂዱ ኖረዋል፤ ውጤቱንም ፎቶ አንሺው አንሥቶታል።

ይህ ሁሉ የሆነው እህቴ ማዕረግ ልታገባ በተቃረበችበት ሰሞን ነው።

ሙሽራው የዋጫ ልጅ ነው። ማዕረግ ለሚዜዎቿ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀሚስና አንድ ዓይነት ፀጉር አዝዛለች፦ ከየአቅጣጫው በጥብቅ ሹሩባ ወደ ላይ ይሳብና አናት ላይ በዊግ ይጠቀለላል። ሥዕሉን በስልክ ላከችልኝ። የሴትየዋ ግንባር ከበሮ ይመስላል።

«እኔ አልሠራም» አልኳት።

«ሚዜ ነሽ።»

«ሐኪሟ ከልክላኛለች።»

«ሐኪሟ ለአንድ ቀን ምን አገባት? እሁድ ካለፈ በኋላ ከፈለግሽ ተላጪው።»

ፀጉር ቤት ሄጄ እዚያው እንደምናገር ነገርኳት። ሜሪ ሁለቱንም ጎን በላላው ትሠራኛለች፤ ሚዜም እሆናለሁ፤ ፀጉሬም ይተርፋል። ሳስበው ቀላል ነገር ነበር።

ቅዳሜ ስንገባ ቤቱ ሞልቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንዲት ሴት ታለቅሳለች። ማዕረግ አስቀድማ ተቀመጠች። ለሙሽራ ሲሆን እትዬ አልጣሽ ለማንም አያካፍሉም፤ ሁለቱንም ጎን ብቻቸውን ሠሯት። ሲጨርሱ እህቴ መንገድ ላይ ሌባ ያየች መስላ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ነይ ብርቅዬ፣ ተራሽ ነው» አሉኝ እትዬ አልጣሽ።

«እትዬ፣ እኔን ሜሪ ብቻዋን ብትሠራኝስ? ሁለቱንም ጎን።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። ሜሪ እንኳ ከቴሌቪዥኑ ዞረች።

«ሜሪ?» አሉ እትዬ አልጣሽ። «የኛዋ ሜሪ?»

«እኔ ምን አደረግኩ?» አለች ሜሪ።

«እሷ የሠራችው እኮ፣ የኔ ልጅ፣ መኪናው ዋጫ ሳይደርስ ይፈታል። የሙሽራ እህት ሆነሽ ተንጨባርረሽ ልትወርጂ ነው?»

ብዙ ከማስረዳት ማሳየት ይሻላል ብዬ ሻሼን ፈታሁ። መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን አሳየኋቸው። ዶክተር ሙባረካ ያለችውን ነገርኳቸው። ማን በየትኛው በኩል እንደሚቆም አስታወስኳቸው።

መጀመሪያ የተነሣችው ጨርቅ ነጋዴዋ ሀኪማ ናት። ወንድ ስለሌለ መሸፈኛዋን አውርዳ ነበር የተቀመጠችው። ወደ መስታወቱ ተጠግታ የግራ ግንባሯን ዳሰሰች፤ የቀኙን ዳሰሰች፤ እንደገና ግራውን። «ውይ!» አለች።

ከዚያ መስታወቱ ጋ ግፊያ ሆነ። መምህርት በዛወርቅ ፀጉሯን በሁለት እጇ ገልጣ፣ «እኔ ደግሞ ጠመኔው መስሎኝ ነበር!» አለች። ሌላዋ ባሏን ስትጠረጥር ኖራለች፤ አልጋ ላይ በግራዋ በኩል የሚተኛው እሱ ነው። ከቢታ ገነት የመጣችው ሴት መስታወቱ ጋ መድረስ ስላልቻለች ራሷን ለሜሪ ሰጥታ «እዪልኝ» አለች፤ ሜሪም አይታ፣ በሐቀኝነት፣ «አንቺስ ብሶብሻል» አለቻት። ቤቱ ውስጥ ያለን ሴቶች በሙሉ ወደ አንድ ጎን አዘንብለናል።

ያን ጊዜ ለሙያዬ ኩራት ተሰማኝ። አንድ ማሳ ሳይሆን ቤት ሙሉ ማሳ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ውጤት። ከዚህ በላይ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

እትዬ አልጣሽ ቆመው ቀሩ። ማበጠሪያቸውን በእጃቸው እንደያዙ አንዷን ካንዷ እየተዘዋወሩ አዩ። ፊታቸው ጠቆረ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ የደሃ ልጅ ስትዳር በነፃ ነው የሚሠሩት። ዞረው የሜሪን ጎን አዩ፣ የራሳቸውን ጎን አዩ፤ ብዙ ካሰቡ በኋላ ፊታቸው ፈካ።

«ገባኝ» አሉ። «እውነትሽን ነው ብርቅዬ። የተማረ ይግደለኝ።»

ደስ አለኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዘመኔን ሙሉ አንድ ጎን ብቻ ይዤ ቆምኩ። ከእንግዲህ እኔ ወደ ቀኝ እሻገራለሁ፣ ሜሪ ወደ ግራ ትመጣለች። እኩል ይሆናል።»

«ኧረ እትዬ…»

«እውነት ነው!» አለች ሀኪማ። «እንዴት እስካሁን አላሰብነውም?»

«ተመስገን» አለች ከቢታ ገነት የመጣችው።

«እኩል ምኑ?» ጮህኩ። «እኩል መላጣ ነው እኮ የምንሆነው!»

«እኩል ከሆነማ ማን ያውቅብናል?» አለች መምህርት በዛወርቅ፤ ሒሳብ ነው የምታስተምረው።

«ለፎቶም እኩል መሆኑ ነው ዋናው» አለች እህቴ።

የተቃወመች አንዲት ሴት ብቻ ናት። «እኔ አልሻገርም» አለች ሜሪ። «እዚያ ከሆንኩ ቴሌቪዥኑ ከጀርባዬ ሊሆን አይደል?»

«ቴሌቪዥኑም ይሻገራል» አሉ እትዬ አልጣሽ።

«እንደሱ ከሆነ እሺ።»

ሜሪ ላይ ተስፋ ማድረጌ ራሱ ጅልነት ነበር። «ሜሪ፣ ቢያንስ አንቺ ንገሪያቸው! የያዝሽው ጎን ሁሉ ጤነኛ ነው እኮ!»

«እኔ ሰነፍ ስለሆንኩ ነው፣ ብርቅዬ» አለችኝ እያዘነችልኝ። «ይህንንም ማወቅ ትምህርት ይፈልጋል?»

እትዬ አልጣሽ ወንበሩን በፎጣ ጠረጉልኝ። «ነይ አሁን። ለሠርግ ግን ሁለቱንም ጎን እኔው ነኝ። መሻገሩ ከሰኞ ይጀምራል።»

ማዕረግን አየኋት። ማዕረግ አንገቷን ማዞር ስለማትችል በመስታወት ውስጥ አየችኝ። «ብርቄ» አለች ቀስ ብላ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ። «ከነሱ ጋር ሳይሆን ካንቺ ጋር ነው ፎቶ መነሣት የምፈልገው። ለኔ ስትይ። አንድ ጊዜ።»

እህቴ ለምና አታውቅም። ታዛለች እንጂ። ተቀመጥኩ።

«ላላ ያድርጉት እትዬ።»

«እሺ የኔ እናት።»

በእሳቸው ቤት ላላ አደረጉት። ማበጠሪያውን ከግንባሬ ጀምረው ከፈሉ፤ ከግራው ጠርዝ ትንሿን ነዶ ያዙ፤ ዊጉን አስጠጉ፤ ጣታቸው አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ፣ ያዘ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ቆዳዬ ከአጥንቴ የተለየ መሰለኝ። በመስታወቱ ውስጥ የግራ ቅንድቤ ለብቻው ሲነሣ አየሁት።

«አየሽ፣ እንዴት እንደያዘልሽ» አሉ፤ ሌላ ነዶ ሊይዙ እጃቸውን አነሡ። ጣታቸው ላይ አንድ ነገር ተጣብቋል። ሳያዩት ሽርጣቸው ላይ ጠረጉት። ነጩ ሽርጥ ላይ ግን ጎልቶ ይታያል፤ ከሕፃን ፀጉር የማይወፍሩ ጥቂት ዘለላዎች፣ ከነሥራቸው።

ተነሣሁ።

«ምነው? ገና እኮ ነው!»

የተሠራውን ሹሩባ ቆሜ ፈታሁት። ጥብቅ ስለነበር ጊዜ ወሰደ፤ ጥፍሬን ሰበረው። ዊጉን ለእትዬ አልጣሽ መለስኩላቸው።

«ብርቅዬ» አለች ማዕረግ። አሁን ድምፅዋ የድሮው ነው። «ከዚህ ከወጣሽ ሚዜዬ አይደለሽም።»

«እሺ።»

«ቀሚሱን ለአክስታችን ልጅ ነው የምሰጠው።»

«ስጫት። ይጠባታል፤ በጎን በኩል ልቀቂላት።»

«አንቺስ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ወጥ ቤት እገባለሁ። ሻሽ አስሬ ሽንኩርት እልጣለሁ። እዚያ ማንም ግንባሬን አያይም።»

«ለእማዬ ራስሽ ንገሪያት!»

«ራሴ እነግራታለሁ።»

በመስታወቱ ውስጥ እያፈጠጠችብኝ ነው። ተናዳ ይሁን ፀጉሯ ስቧት፣ ከፊቷ መለየት አልቻልኩም። አጎንብሼ ጉንጯን ሳምኳት፤ መሳሜን አልጠበቀችም። «ፀጉሩ እየሞተ ነው የሚያምረው?» አለች በሹክሹክታ። «የኔም?»

«የግራሽ ብቻ ነበር» አልኳት። «ከዛሬ ጀምሮ የቀኝሽም።»

እጇን ወደ ግንባሯ አነሣች። እትዬ አልጣሽ፣ «አትንኪው፣ ይበላሻል!» ብለው ጮኹባት። መለሰችው።

ሻሼን አሰርኩ። ሀኪማ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ግንባሯን ወደ እትዬ አልጣሽ አቀናች። ጃንጥላዬን አንሥቼ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።